ሁለቱ ሚያዝያ 27
(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



ከውጭ አገር የመጣ እንግዳ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀምጦ ቡናውን እየጠጣ ሳለ ብዙ ጊዜ የሚያነሣው አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «የእናንተ የነፃነት ቀን መቼ ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው በቅንነት የሚቀርብ ነው። ተጠያቂው ግን ጥቂት ያመነታል። አንዱ የካቲት 23ን ይጠራል፤ ሁለተኛው ሚያዝያ 27 ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «እኛ በቅኝ ተገዝተን ስለማናውቅ የነፃነት ቀን የሚባል የለንም» ብሎ ነገሩን በኩራት ይዘጋዋል። ሦስቱም መልሶች ከእውነት የራቁ አይደሉም፤ ሆኖም አንዳቸውም ጥያቄውን አይጨርሱትም።

የጋና ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ቢቀርብለት አያመነታም። የካቲት 27 ቀን 1949 ዓ.ም. ሊብት በእኩለ ሌሊት በአክራ ከተማ የእንግሊዝ ሰንደቅ ዓላማ ወርዶ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ የሆነው አዲሱ የጋና ሰንደቅ ዓላማ ወጣ። እነዚያ ቀለሞች የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ አብነት በማድረግ የተመረጡ መሆናቸውን በቅንፍ ላስታውስ እወዳለሁ። ከጋና በኋላ ነፃ የወጡት አብዛኞቹ የአፍሪቃ አገሮችም እንዲሁ በውል የታወቀ ቀንና በውል የታወቀ ሰዓት አላቸው፤ ሥልጣን የሚያስረክበው ገዥና ሥልጣን የሚረከበው መንግሥት ፊት ለፊት የቆሙበት ቀን ነውና። የእኛ ነገር ግን ከዚህ የተለየ ነው። ከኢትዮጵያ ሥልጣኑን በሥነ ሥርዓት አስረክቦ የተሰናበተ የኢጣልያ ገዥ የለም። ኢጣልያ የወጣችው በጦር ኀይል ተገፍታ ነው፤ የወጣችውም በአንድ ቀን አይደለም። ስለዚህ እኛ የምናከብረው ቀን ከብዙ ቀኖች መካከል ታስቦበት የተመረጠ ቀን ነው። ይህ ቀን ስለ ምን እንደ ተመረጠና በምርጫውም ምን ያህል ክርክር እንዳለበት ዛሬ በአጭሩ ልናገር አስቤአለሁ።

ሚያዝያ 27 በታሪካችን ሁለት ጊዜ መጥቶብናል። የመጀመሪያው የ1928ቱ ነው።

የፋሽስት ኢጣልያ ጦር የጦርነት ዐዋጅ ሳያውጅ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የመረብን ወንዝ ተሻገረ። ሰባት ወር በፈጀው ጦርነት የአውሮፕላን ቦምብና የመርዝ ጋዝ በሠራዊታችንና በባላገሩ ላይ ወረደ። መጋቢት 22 ቀን በማይጨው ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ያዘመቱት ሠራዊት ድል ሆነ። ሚያዝያ 24 ቀን ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አቤቱታቸውን ለመንግሥታት ማኅበር ለማቅረብ በባቡር ወደ ጅቡቲ ተጓዙ። አዲስ አበባም ጠባቂ አጥታ ለቀናት ተዘረፈች፣ ተቃጠለች። ይህን ዝርፊያ ያደረሰው ጠላት ሳይሆን የገዛ ወገን መሆኑን ዛሬ ስንናገረው ያሳፍረናል፤ ነገር ግን የሆነው እንደዚሁ ነው። ሚያዝያ 27 ቀን ማርሻል ባዶሊዮ ጦሩን አስከትሎ ጢሱ ገና ወዳልጠፋባት ከተማ ገባ። በዚያው ቀን ሙሶሊኒ በሮማ ከቬኔጺያ ቤተ መንግሥት ሰገነት ላይ ሆኖ ጦርነቱ ማለቁን ለሕዝቡ ነገረ። ከአራት ቀን በኋላም፣ ግንቦት 1 ቀን፣ የኢጣልያን ንጉሥ «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» ብሎ ሰየመው።

ጦርነቱ ግን አላለቀም ነበር። በምዕራብ ጎሬ ላይ በቢትወደድ ወልደ ጻድቅ የሚመራ መንግሥት ቀርቶ ነበር። የሆለታ የጦር ትምህርት ቤት ወጣት መኰንኖችና በውጭ አገር ተምረው የተመለሱ ሰዎች «ጥቁር አንበሳ» የተባለውን ማኅበር መሥርተው፣ የእንስሳት ሐኪሙን ዶክተር ዓለመ ወርቅ በየነን አለቃ አድርገው ሥራ ጀምረው ነበር። ይህን ማኅበር ለይቼ ማንሣቴ አለ ምክንያት አይደለም። ስለ አርበኝነት ሲነገር ጐፈር የለበሰውን ባላባት ብቻ ማሰብ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን በዚያ ጊዜ በእጅ የሚቈጠሩት የተማሩ የኢትዮጵያ ልጆች፣ ማለት ዛሬ በየሚኒስቴሩ የምንሠራው ሰዎች የሥራ አባቶች፣ ከብዕራቸው ወደ ጠመንጃ የተሻገሩት በዚያ ዘመን ነው። ልዑል ራስ እምሩ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው እጃቸውን ሲሰጡ ይህ ክፍል ተበተነ።

ሌላው ዓለም ግን ቶሎ ረሳን። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ቆመው ቢናገሩም የመንግሥታት ማኅበር የረዳው ነገር አልነበረም። በ1931 ዓ.ም. እንግሊዝ እንኳ የኢጣልያን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት አድርጋ ዐወቀች። ወረራውን ለማወቅ እምቢ ብለው የጸኑት ጥቂቶች ናቸው፤ እነርሱም ሜክሲኮ፣ የአሜሪካ የተባበሩት መንግሥታት፣ የሶቪየት ኅብረት፣ ቻይናና ኒው ዚላንድ ነበሩ። ጧት ጧት ወደ ሥራችን ስንሄድ በሜክሲኮ አደባባይ የምናልፍ ሰዎች ብዙ ነን፤ ከመካከላችን ስሙ ከምን እንደ መጣ የሚያስታውስ ስንት ሰው እንደሚገኝ ግን እጠራጠራለሁ።

በአገር ውስጥ ያለው ነገር ከዚህ እጅግ የከበደ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ በአደባባይ ተረሸኑ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ በከተማዪቱ ሕዝብ ላይ ለሦስት ቀን የወረደው ፍጅት በስድስት ኪሎ ሐውልት ላይ ተቀርጾ ይታያል። የኢትዮጵያ መንግሥት በኋላ ለዓለም ያቀረበው የሟቾች ቍጥር 30 ሺህ ነው። ታሪኩን በቅርብ ዘመን የመረመረው ኢያን ካምቤል ደግሞ 19 ሺህ ገደማ ይሆናል ይላል። ከሁለቱ ቍጥሮች የፈለግነውን ብንወስድ ትንሺቱ አዲስ አበባ በሦስት ቀን ውስጥ ከሕዝቧ ብዙ ሰው አጥታለች። በግንቦትም የደብረ ሊባኖስ መነኰሳት ተጨፈጨፉ።

ይህ ሁሉ የታሰበው ሕዝቡን ለማስፈራራት ነበር፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ሆነ። ከየካቲት 12 በኋላ ወደ ዱር የገባው ሰው በዛ። በሸዋ አበበ አረጋይና በ1930 ዓ.ም. የወደቀው ኃይለ ማርያም ማሞ፣ በጎጃም በላይ ዘለቀ፣ በደቡብ ምዕራብ ገረሱ ዱኪ ጠላትን ዕረፍት ነሡት። ባላቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ በፍቼ የተገደሉባቸው ወይዘሮ ከበደች ሥዩም ራሳቸው ጦር መሩ። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ በከተማ ተቀምጠው ለአርበኞች ጥይትና ወሬ ሲልኩ ተይዘው በኢጣልያ አገር አሲናራ ወደምትባለው ደሴት ተጋዙ፤ ተመልሰውም ከዘመቻው ገቡ። ኢጣልያ አምስቱን ዓመት ሁሉ ዋና ዋናዎቹን መንገዶችና ምሽጎች እንጂ አገሩን በሙሉ ገዝታ አታውቅም መባሉ ለማጋነን አይደለም። ከዚህ ጋር ደግሞ ባንዳ ሆኖ ለጠላት ያደረ ወገን መኖሩን መካድ አይገባም። ቍጥሩም ትንሽ አልነበረም።

ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ኢጣልያ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ባወጀች ጊዜ የነገሩ መልክ ተለወጠ። ከሁለት ዓመት በፊት ወረራውን ያወቀችው እንግሊዝ ኢትዮጵያን የምትፈልግበት ቀን መጣ። በሰሜን ጄኔራል ፕላት ከሱዳን ወደ ኤርትራ ገፋ፤ ከረን ላይ ብርቱ ውጊያ ሆነ። በደቡብ ጄኔራል ካኒንግሃም ከኬንያ ተነሥቶ በሶማልያና በሐረር በኩል መጣ፤ ጦሩም ከደቡብ አፍሪቃ፣ ከናይጄሪያና ከምሥራቅ አፍሪቃ የተውጣጣ ነበር። በመካከል ግርማዊ ንጉሠ ነገሥት ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ተክለው በጎጃም በኩል ጉዞ ጀመሩ። ከእርሳቸው ጋር የነበሩት የእንግሊዝ መኰንኖች፣ ሳንድፎርድና ዊንጌት፣ የሚያዝዙት ጦር አነስተኛ ነበር። አገሩን የከፈተላቸው ከአምስት ዓመት ጀምሮ ጠላትን ሲያደክም የኖረው የጎጃም አርበኛ ነው።

እነሆ አሁን ወደ ክርክሩ ደረስን። መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. የካኒንግሃም ጦር አዲስ አበባ ገባ፤ የኢጣልያም አገዛዝ ከዋና ከተማችን ተነቀለ። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ዕለት ደብረ ማርቆስ ገብተዋል። ከደብረ ማርቆስ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ የቀናት ጉዞ ነው፤ ነገር ግን እስኪገቡ ድረስ 29 ቀን አለፈ።

ስለ ምን ዘገዩ? እንግሊዞች የሰጡት ምክንያት በከተማው ውስጥ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ የኢጣልያ ሲቪሎች፣ ሴቶችና ሕፃናት ጭምር፣ መኖራቸው ነው። ንጉሠ ነገሥቱና አርበኞቹ ቢገቡ ሕዝቡ የየካቲት 12ን ደም ይበቀላል ብለው ፈሩ። ፍርሃቱ ሐሰት ነበር ለማለት አይቻልም፤ ግን ሙሉውም ምክንያት እርሱ ብቻ አልነበረም። በእነዚያ 29 ቀኖች ውስጥ የከተማው አስተዳዳሪ የእንግሊዝ ጦር ነበረ፤ አገሪቱንም ከጠላት እንደ ተያዘ ግዛት አድርጎ ለማስተዳደር መሥሪያ ቤቱን ማደራጀት ጀምሮ ነበር። በዚህ ረገድ እያንዳንዱ የዘገየ ቀን ለአንደኛው ወገን ጥቅም፣ ለሌላው ወገን ጉዳት ነበር።

በመጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን ነው፤ ባዶሊዮ ከገባ ልክ አምስት ዓመት በሞላበት ዕለት። ወሩ በገባ በ27 የመድኃኔ ዓለም መታሰቢያ መሆኑ ደግሞ ለሕዝቡ ሌላ ትርጉም ሰጠው። በእንጦጦ በኩል መጥተው እንጦጦ ማርያም ጸሎት አድርሰው ወደ ከተማው ወረዱ። ዊንጌት በፈረስ ፊት ፊት ይሄድ ነበር። አበበ አረጋይና አርበኞቹ፣ አምስት ዓመት ያልተላጨ ጠጕራቸውን እንደ ጐፈር ነስንሰው፣ ሲቀበሏቸው ያየው ሕዝብ ዕንባና እልልታ እንደ ተቀላቀለበት የዐይን ምስክሮች ጽፈዋል። በታላቁ ቤተ መንግሥትም ጄኔራል ካኒንግሃም ተቀበላቸው።

ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ ቀን ያደረጉት ንግግር ሁለት ነገር የያዘ ነበር። አንደኛው፣ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ፣ በእጁ በገባው ጠላት ላይ ግፍ እንዳይሠራ ማዘዛቸው ነው። እንግሊዞች የፈሩት በቀልም አልሆነም። ሁለተኛው፣ ዕለቱን የአዲስ ዘመን መክፈቻ ማለታቸው ነው። ከአንድ ወር በኋላ፣ ግንቦት 30 ቀን፣ የታተመው ጋዜጣ «አዲስ ዘመን» መባሉ ከዚህ የተነሣ ነው።

ስለ ቀኑ ምርጫ የእኔን አሳብ ልናገር ቢፈቀድልኝ፣ ሚያዝያ 27 ለደስታ ብቻ የተመረጠ ቀን አይመስለኝም። ያ ቀን ለመጀመሪያው ሚያዝያ 27 የተሰጠ መልስ ነው። ጠላት በሚኮራበት ዕለት ላይ የእኛን በዓል ማስቀመጥ ማለት የእርሱን ዕለት ከመዝገብ መፋቅ ማለት ነው። ከዚህም በላይ መልሱ ለኢጣልያ ብቻ የተሰጠ አልነበረም፤ ለእንግሊዝም ጭምር ነበረ።

የዚህም ማስረጃ በስድስት ቀን ውስጥ ታየ። ግንቦት 3 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ሚኒስትሮችን ሾሙ። የእንግሊዝ ፖለቲካ ባለሥልጣን የነበረው ብርጋዴር ላሽ ወዲያውኑ መጥቶ ከኢጣልያ ጋር የሰላም ውል እስኪፈረም ድረስ ንጉሠ ነገሥቱ ሙሉ ሥልጣናቸውን ሊይዙ አይችሉም ሲል ተቃወመ። አሁን በየሚኒስቴሩ ፋይል እያገላበጥን የምንውል ሰዎች የመሥሪያ ቤቶቻችን አዲስ ልደት በዚህ ዐይነት ክርክር መካከል የተፈጸመ መሆኑን ብናውቅ መልካም ነው። የሚኒስትሮቹ ሹመት የአስተዳደር ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ ይህች አገር መንግሥት አላት ወይስ የላትም ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነበር። ከእንግሊዝ ጋር ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. በተፈረመው ውል የኢትዮጵያ ነፃ መንግሥትነት ታወቀ። ቢሆንም በአዲስ አበባ የእንግሊዝ መልእክተኛ ከሌሎች መልእክተኞች ሁሉ እንዲቀድም፣ የእንግሊዝ አማካሪዎችም እንዲኖሩ የሚያደርግ ውል ነበር። ታኅሣሥ 10 ቀን 1937 ዓ.ም. የተፈረመው ሁለተኛው ውል ከእነዚህ ብዙዎቹን አነሣ። በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር የቀረው የምሥራቅ መሬታችን የመጨረሻው ክፍል የተመለሰው ግን በ1947 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ነፃነት ሙሉ የሆነበትን ቀን እንቍጠር ካልን እስከዚያ ድረስ መሄድ ሊኖርብን ነው።

በዘመነ ንጉሠ ነገሥቱ በዓሉ በታላቅ ሥነ ሥርዓት ይከበር ነበር። አራት ኪሎ ሚያዝያ 27 አደባባይ ተብሎ ሐውልት ቆመለት። በዕለቱ ጸሎት ይደረጋል፤ መድፍ ይተኰሳል፤ የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል፤ አርበኞች ጐፈራቸውን ደፍተው፣ ጋሻና ጦራቸውን ይዘው፣ ኒሻናቸውን በደረታቸው ደርድረው እየፎከሩና እየሸለሉ ያልፋሉ። ከሐውልቱ ጥቂት ራቅ ብሎ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ከአርበኞቹ አያሌዎቹ አርፈዋል።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ከወረዱ በኋላ ደርግ የድሉን በዓል ወደ መጋቢት 28 አዛወረው። ምክንያቱን ለመረዳት አያስቸግርም፤ ሚያዝያ 27 የንጉሥ መግቢያ ቀን ነውና። መጋቢት 28ን የሚደግፍ ሰው «ከተማዪቱ ከጠላት እጅ የወጣችው በዚያ ቀን ነው» ቢል ሐሰት አልተናገረም። ነገር ግን እንዲህ ያለው ለውጥ አንድ የሚያስገርም ነገር አለበት። ከኢምፔሪያሊዝም ጋር እታገላለሁ ይል የነበረ መንግሥት የንጉሡን ቀን ሽሮ የእንግሊዝ ጄኔራል ወደ ከተማችን የገባበትን ቀን የኢትዮጵያ የድል በዓል አደረገ። ከደርግ ውድቀት በኋላ በዓሉ ወደ ሚያዝያ 27 ተመልሶ እስከ ዛሬ በዚያው ቀን ይከበራል።

ከሁለቱ ቀኖች አንዱን መምረጥ ግን ስለ አርበኛው የሚነሣውን ጥያቄ አይመልስም። መጋቢት 28 ክብሩን ለካኒንግሃም ይሰጣል፤ ሚያዝያ 27 ለንጉሠ ነገሥቱ ይሰጣል፤ በዱር የኖረው ሰው በሁለቱም ቀኖች ተቀባይ ሆኖ በመንገድ ዳር ቆሞ ይታያል። ከድሉ በኋላ ለጠላት አድረው የነበሩ ሰዎች በማዕረግና በሥራ ከአርበኛው ቀድመው መገኘታቸው ብዙ ሮሮ አስነሥቷል። በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስቅላት መሞቱ ደግሞ እስከ ዛሬ በጎጃም በልቅሶ የሚነሣ ነገር ነው። በሸፍጥ ተከሶ ተፈረደበት የሚሉ አሉ፤ ሸፍቶ ነበር የሚሉም አሉ። በዓሉ ሲከበር ግን ስሙ ከሌሎቹ ጋር ይጠራል፤ በአዲስ አበባም በስሙ የሚጠራ መንገድ አለ።

ዛሬም በሚያዝያ 27 ጧት አራት ኪሎ የሚሄድ ሰው አረጋውያን አርበኞችንና የአርበኞችን ልጆች በኒሻን አጊጠው ያገኛቸዋል። የአምስቱን ዓመት ዱር ያየው ሰው ቍጥር ከዓመት ወደ ዓመት እያነሰ ሄዶ አሁን ጐፈሩን የሚደፉት አብዛኞቹ ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። ፉከራውን ከአባቶቻቸው ስለ ሰሙት ያውቁታል፤ ውጊያውን ግን አላዩትም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። በሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በአዲስ አበባ እልልታ ሲሰማ ጎንደር ገና በጠላት እጅ ነበረች። ጄኔራል ናሲ በዚያ ምሽግ ክረምቱን በሙሉ ተቀመጠ፤ አርበኞችም ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሆነው ከበቡት። ቍልቋል በር በኅዳር ወር በብዙ ደም ተያዘ፤ ናሲም ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። በዚያ ዕለት አዲሶቹ ሚኒስትሮች በአዲስ አበባ ከተሾሙ ስድስት ወር አልፏቸው ነበር።